ፔዳሉ ቢጠፋም ፍሪሲዮኑ አለ፦ ስለ ኤኤምቲ መኪኖች ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በጅማ መኪና ባለቤቶችና ሹፌሮች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ኤኤምቲ ስለሚባለው፣ የፍሪሲዮን ፔዳል ስለሌለው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ነው፤ ሱዙኪ ኤጂኤስ ብሎ በዲዛየር፣ በሴሌሪዮና በኤስ-ፕሬሶ ላይ የሚገጥመው ማለት ነው። ጸሐፊው ይህ ካምቢዮ በርካሽ የተሠራ የውሸት አውቶማቲክ መሆኑን፣ ማርሽ ሲቀይር መኪናው መንገጭገጩ የፋብሪካ ጉድለት መሆኑን፣ ነዳጅ እንደሚበላና ጅማ ውስጥ የሚፈታው መካኒክ እንደማይገኝ ይነግሩናል። ከዚያ ምክር ያስከትላሉ፦ የአውቶማቲክ ዘይት ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ ዳገት ላይ በነዳጅ አቁሙት፣ ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት፣ ኤን የሚባለው) አድርጉት፣ ባትሪ ከሞተ ገፍታችሁ አስነሱት። በመጨረሻም ሸጣችሁ ሲቪቲ የሚባለውን፣ በቀበቶ የሚሠራውን አውቶማቲክ ግዙ ይላሉ።

ጸሐፊው በክፋት እንዳልጻፉት አምናለሁ። ገንዘቡን አጠራቅሞ መኪና የገዛ ሰው እንዳይታለል መጨነቃቸው በጽሑፉ ውስጥ ይታያል። ነገር ግን ከሰጡት ምክር ሁለቱ ካምቢዮና ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን ክላች) ያበላሻሉ፣ አንዱ ደግሞ ሰው ይገድላል። በመኪና ጥገና የምተዳደር ሰው ነኝና ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከመሠረቱ ልጀምር። ኤኤምቲ በርካሽ የተሠራ አውቶማቲክ ሳይሆን ማኑዋል ካምቢዮ ነው። የተለመደው አውቶማቲክ ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር በሚባል ዘይት በሞላበት ዕቃ ነው፤ ሞተሩ ዘይቱን ያዞራል፣ ዘይቱ ካምቢዮውን ያዞራል። በውስጡም ፕላኔታሪ የሚባሉ ማርሾችና በዘይት ተነክረው የሚሠሩ ትንንሽ የፍሪሲዮን ዲስኮች አሉ። የኤኤምቲ ካምቢዮ ሲፈታ ከእነዚህ አንዱም አይገኝበትም። የሚገኘው ማኑዋል ዲዛየር ሲፈታ የምናየው ነው፦ ዘንጎች፣ አምስት የፊትና አንድ የኋላ ማርሽ፣ ማርሽ ሲገባ ዙሩን የሚያስተካክሉ ሲንክሮናይዘሮች፣ ማርሽ የሚገፉ ሹካዎች፤ ከሞተሩ በኩል ደግሞ ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት)፣ አንድ ደረቅ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ዲስኩን የሚጫነው ፕሬሸር ፕሌትና ኩሽኔታ።

ልዩነቱ እነዚህን የሚያንቀሳቅሳቸው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። በማኑዋል መኪና ግራ እግር ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ቀኝ እጅ ማርሽ ያስገባል። በኤኤምቲ የእግሩንም የእጁንም ሥራ የሚሠሩት ካምቢዮው ላይ የተገጠሙ ትንንሽ ፒስተኖች ናቸው። በኤሌክትሪክ የሚዞር ፓምፕ ፈሳሽ ጨምቆ በግፊት ያጠራቅማል፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ሶሌኖይድ ቫልቮች ያንን ግፊት ለየፒስተኑ ያከፋፍላሉ፣ ኮምፒውተሩ ቫልቮቹን ያዛል። ፈሳሽ የሌለው፣ ሁሉንም በኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ የሚሠራም ዓይነት አለ። በሁለቱም ሹፌሩ የሚይዘው ዘንግ ከካምቢዮው ጋር በብረትም በገመድም አልተያያዘም፤ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ስለ ባትሪ ስናወራ ያስፈልገናል።

ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲሻገር የሚሆነውን እንይ። ኮምፒውተሩ የመኪናውን ፍጥነት፣ የሞተሩን ዙርና እግራችሁ ነዳጅ ላይ ምን ያህል እንደተጫነ ያነባል። መቀየር አለበት ብሎ ሲወስን ለሞተሩ ኮምፒውተር ይነግረዋል፤ እግራችሁ ነዳጁ ላይ እንዳለ እንኳ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። ፒስተኑ ፍሪሲዮኑን ይከፍታል፣ ዲስኩ ከቮላኖው ይላቀቃል። ሌላው ፒስተን ሁለተኛውን ማርሽ አውጥቶ ፎሌ ላይ ያመጣል፣ የሚቀጥለው ሹካ ይመረጣል፣ ሦስተኛ ይገባል። ከዚያ ፍሪሲዮኑ እየተለካ ይለቀቃል፣ የሞተሩ ጉልበት ይመለሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ጥሩ ሹፌር በእግርና በእጁ የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ አንድም የተጨመረ ወይም የተዘለለ ነገር የለም።

ርካሽነቱን በተመለከተ፣ ሐሳቡ የመጣው ከርካሽ መኪና አይደለም። ፌራሪ በ1989 እ.ኤ.አ. መሪው ጀርባ ባሉ መቀየሪያዎች የሚታዘዝ እንዲህ ያለ ካምቢዮ በፎርሙላ ዋን መኪናው ላይ ገጠመ፤ የዓመቱን የመጀመሪያ ውድድር ናይጄል ማንሴል ብራዚል ላይ አሸነፈበት። በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኤፍ355 አማካኝነት ወደ መንገድ መኪና አመጣው። ሱዙኪ በሴሌሪዮ ገጥሞ ህንድ ውስጥ ያወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ዋጋው ዝቅ ያለው አዲስ ካምቢዮ መሥራት ስላላስፈለገ፣ ባለው ማኑዋል ላይ ፒስተንና ኮምፒውተር መጨመር ስለበቃ ነው። ለእኛ ይህ መልካም ዜና ነው፤ የሚያልቀው ዕቃ የምናውቀው ዕቃ ነውና።

አሁን ወደ መንገጭገጩ። ከላይ እንዳያችሁት ማርሹ እስኪቀየር ድረስ ጎማዎቹ ከሞተሩ ጉልበት አያገኙም። እግራችሁን ነዳጅ ላይ አጥብቃችሁ ከተጫናችሁ መኪናው እየተፈናጠረ ሳለ ጉልበቱ ድንገት ይቋረጣል፣ ጭንቅላታችሁ ወደፊት ዘንበል ይላል፣ ከዚያ ጉልበቱ ሲመለስ ወደኋላ። ይህ የአሠራሩ ባሕርይ እንጂ ጉድለት አይደለም፤ አንድ ፍሪሲዮን ያለው ካምቢዮ ሁሉ እንዲሁ ነው። ሁለት ፍሪሲዮን ያላቸው፣ ዲሲቲ የሚባሉት፣ የሚቀጥለውን ማርሽ አስቀድመው አዘጋጅተው ስለሚይዙ ይህ ክፍተት አይሰማባቸውም፤ ዋጋቸውና ጥገናቸው ግን ሌላ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማርሽ ሊቀይር መሆኑን ስትገምቱ፣ ማኑዋል እንደምትነዱት ሁሉ፣ ነዳጁን ትንሽ ለቀቅ አድርጉለት። በጥቂት ቀናት ልምምድ ተሳፋሪ የማያውቀው መኪና ይሆናል። ነገር ግን ጸሐፊው አንድ ነገር ለይተው ቢጽፉ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም ከዚህ በፊት ያልነበረ መንገጭገጭ በቅርቡ የጀመረው መኪና የባሕርይ ጉዳይ አይደለም። ያኔ ዲስኩ አልቆ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከሞተሩ በስተኋላ ዘይት እንዳያመልጥ ከሚይዘው ማኅተም ዘይት አምልጦ ነክቶት ይሆናል፣ ወይም ኮምፒውተሩ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ነጥብ ስቶታል። ያን ጊዜ ጋራዥ ይሂድ።

የሹፌሩ በር ሲከፈት ከኮፈኑ ሥር የሚሰማውን የ«ዝዝዝ» ድምፅ የኤሌክትሪክ ሾርት ነው ብለዋል። አይደለም። ፓምፑ መኪናው ሊነሳ ነው ብሎ ግፊት ሲያዘጋጅ ነው። ድምፁ ለጥቂት ሰከንድ ተሰምቶ ከጠፋ ጤነኛ ነው፤ ሳያቋርጥ ደጋግሞ የሚነሳ ከሆነ ግን ግፊቱ የሆነ ቦታ እያመለጠ ስለሆነ ይታይ።

ስለ ዘይት የጻፉት አደገኛ ነው። ኤቲኤፍ፣ ማለትም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ የተሠራው ለቶርክ ኮንቨርተርና በዘይት ውስጥ ለሚሠሩ ዲስኮች ነው፤ እዚህ ሁለቱም የሉም። የኤኤምቲ ማርሾችና ሲንክሮናይዘሮች የሚፈልጉት የማኑዋል ካምቢዮ ዘይት ነው፣ ውፍረቱም በመኪናው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ፈሳሽ ደግሞ ሌላ ነው፤ የራሱ ትንሽ ማጠራቀሚያ አለው፣ ከካምቢዮው ዘይት ጋር አይገናኝም፣ ውስጡ ያሉት ጎማዎች የሚስማሙትም ለእሱ ከተፈቀደው ፈሳሽ ጋር ብቻ ነው። የጸሐፊውን ምክር ሰምቶ ዘይት ሱቅ ሄዶ «የአውቶማቲክ ስጠኝ» የሚል ሰው ከሁለቱ አንዱን ሊያበላሽ ነው። ዘይት ሻጩ ቢከራከራችሁ እንኳ መጽሐፉን አሳዩት።

የዳገቱ ነገር ረዘም አድርጌ የምጽፍበት ነው፣ ምክንያቱም ጅማ ውስጥ ኤኤምቲ መኪኖች በብዛት የሚጎዱት በዚህ ነው። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው የጅሬን ዳገት ላይ ከፊት ያለው መኪና ቆመ እንበል። ጸሐፊው እንደሚሉት ፍሬን ሳትይዙ ነዳጁን ትንሽ ሰጥታችሁ መኪናውን ባለበት ታቆሙታላችሁ። ከላይ ሲታይ ቆሟል። ከሥር ግን ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው አይዞርም፣ በመካከላቸው ያለው ደረቅ ዲስክ እየተፋተገ ነው። ስሌቱን እንሥራው። ከነሰዉ 1200 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ መኪና 10 በመቶ ዳገት ላይ እንዳይንሸራተት በጎማዎቹ ላይ ወደ 1180 ኒውተን ኃይል ያስፈልገዋል። በአንደኛ ማርሽ ይህ ፍሪሲዮኑ ላይ ወደ 23 ኒውተን-ሜትር ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 1500 ዙር የሚዞር ከሆነ፣ ዲስኩ ላይ ወደ ሙቀት የሚለወጠው 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ የሚወስደው ያህል ማለት ነው፤ እሱም ከአንድ ሳህን ስፋት ብዙም በማይበልጥ ዲስክ ላይ። ቶርክ ኮንቨርተር ያለው መኪና ይህን ሙቀት ለዘይቱ ይሰጣል፣ ዘይቱም ወደ ማቀዝቀዣ ይሄዳል። ደረቅ ፍሪሲዮን ግን ዘይት የለውም፤ ሙቀቱን የሚቀበሉት ዲስኩ፣ ቮላኖውና ፕሬሸር ፕሌቱ ናቸው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ መኪኖች ፍሪሲዮኑ ሲግል በጩኸት ወይም በመብራት የሚያስጠነቅቁት። ያ ጩኸት ሲሰማ ጋራዥ የሚደውል ሰው አጋጥሞኛል፤ እግሩን ከነዳጁ አንስቶ ፍሬን መያዝ ብቻ ነበረበት።

ትክክለኛው አነሳስ መንጃ ፈቃድ ስናወጣ የተማርነው ነው። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ነዳጅ ይሰጥ፣ መኪናው መጎተት ሲጀምር የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። ዳገት ላይ የሚይዝ ረዳት የተገጠመላቸው ሞዴሎች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚይዙት።

በሜዳም ቢሆን ተመሳሳይ ነገር አለ። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ የገበያ ቀን ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ሰዉ ሲጨናነቅ ብዙ ሹፌሮች ፍሬኑን ጥቂት እየለቀቁ ስንዝር በስንዝር ይሳባሉ። ዲ (የወደፊት መሄጃው ቦታ) ላይ ፍሬን ሲለቀቅ መኪናው በራሱ ቀስ ብሎ መሄዱ ፍሪሲዮኑ በግማሽ ስለሚይዝ ነው፤ ያ ግማሽ መያዝ መፋተግ ነው። ከፊት ያለው መኪና ሁለት ሦስት ሜትር እስኪርቅ ጠብቁና አንድ ጊዜ ሂዱ። ቆይታው የሚረዝም ከመሰላችሁ ኤን ላይ አድርጋችሁ የእጅ ፍሬን ያዙ። የጅማ ከፍታም ይታሰብ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1700 ሜትር በላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ሰው የሞላ መኪና ዳገት ላይ በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ሲዋልል ብታዩ ወደ ኤም (ማርሹን ራሳችሁ ወደምትመርጡበት) አውርዱትና ሁለተኛን ያዙለት። ኤም የተሠራው ለዚህ ነው።

ፒ (አውቶማቲክ ቆሞ የሚቆለፍበት ቦታ) የለውም የሚለው ቅሬታቸው እውነት ነው፣ ግን ችግር አይደለም። ማኑዋል መኪና እንደምናቆም ነው የሚቆመው፦ የእጅ ፍሬን ይሳባል፣ ማርሽ ውስጥ እንዳለ ሞተሩ ይጠፋል፤ ዳገት ከሆነ በፊት ማርሽ፣ ቁልቁለት ከሆነ በኋላ ማርሽ። ኤን ላይ አጥፍቶ የወረደ ሰው ግን መኪናውን በእጅ ፍሬን ብቻ ትቶ መሄዱን ይወቅ።

ወደ ጊቤው ልምጣ፣ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁትም በዚህ ነው። ጸሐፊው ከአበልቲ ወደ ጊቤ ድልድይ ሲወረድ፣ ከአዲስ አበባ ሲመጣም ከወልቂጤ ወደ ሸለቆው ሲወረድ፣ ኤን ላይ ቢደረግ ነዳጅ ይቆጥባል ይላሉ። በመጀመሪያ ነዳጅ አይቆጥብም። በዛሬ ኢንጀክሽን ሞተሮች ማርሽ ገብቶ፣ እግር ከነዳጅ ተነስቶ ቁልቁል ሲወረድ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ፈጽሞ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ኤን ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። ስለዚህ ምክሩ በራሱ ዓላማ እንኳ ተሸናፊ ነው። ከሁሉም የሚከፋው ሌላው ነው፤ ፎሌ ላይ ያለ መኪናን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። በዚያ ረጅም ቁልቁለት፣ ሰውና ጭነት ይዞ፣ ከፊት የከባድ መኪና ሰልፍ እያለ፣ ፍሬኑ ይግላል፣ ፍሬን ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፣ ፔዳሉ ይሰምጣል። ያንን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ እዚያ የተገለበጠ መኪና አይቷል።

ኤኤምቲ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዲ ላይ ትታችሁት እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ኮምፒውተሩ ማርሹን ወደ ላይ ሊጨምር ይችላል፣ በከፍተኛ ማርሽ ደግሞ ሞተሩ ብዙ አይዝም። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደ ኤም ውሰዱት፣ ሦስተኛ ወይም እንደ ቁልቁለቱ ሁለተኛ አስገቡ። ሞተሩን ከልክ በላይ የሚያዞር ማርሽ ብትጠይቁት ኮምፒውተሩ እምቢ ይላል፤ ያኔ በፍሬን ፍጥነቱን ቀንሳችሁ እንደገና ጠይቁት። ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ ባያርሙ እንኳ ይህን አንድ አንቀጽ እንዲያነሱት እለምናቸዋለሁ።

ባትሪ ሲሞት ገፍቶ ማስነሳት የሚለው ምክር የመጣው፣ ካምቢዮው ማኑዋል ነው ከሚለው ትክክለኛ ሐሳብ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚገርመው ጸሐፊው ከላይ አውቶማቲክ ነው ብለው ነበር። ዘንጉ ማብሪያ ማጥፊያ ነው ያልኩትን አስታውሱ። ፍሪሲዮኑ በሞላ ኃይል ተይዞ የሚኖር ነው፤ የሚከፈተው ፒስተኑ ሲገፋው ብቻ ነው፣ ፒስተኑም መብራት ይፈልጋል። ባትሪው ከሞተ ዘንጉን የትም ብትወስዱት ካምቢዮው ቀድሞ በነበረበት ማርሽ ላይ ይቀራል። ሰው ሰብስባችሁ ብትገፉ የምትገፉት ከሞተሩ ጋር የተቆለፈ ጎማ ነው። ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ አገናኙ፣ አለቀ። መጎተት ካስፈለገና ኤን ላይ መግባቱን ማረጋገጥ ካልተቻለ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው ይጎተት። ለኤኤምቲ ባለቤት ደካማ ባትሪ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የካምቢዮ ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ የሚመጣ መኪና የባትሪው ተርሚናል ዝጎ ወይም ላልቶ ይገኛል። ዝናቡ በማያቋርጥበት የክረምት ወራት ይህንን አስቀድሞ ማየት ብዙ ወጪ ያድናል።

ነዳጅ ይበላል ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። የ2020 እ.ኤ.አ. ዲዛየር በህንድ ይፋዊ መለኪያ ማኑዋሉ በሊትር 23.26፣ ኤጂኤሱ 24.12 ኪሎ ሜትር ነው የተመዘገበለት። መንገዳችን እዚያ አያደርሰንም፤ ንጽጽሩ ግን ያው ነው። የሚንሸራተት ዘይት በመካከል ስለሌለ ጉልበት አይባክንም። ሲቪቲን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር በከፊል እስማማለሁ። አንዳንድ ቪትዞች የያዙት ሲቪቲ በብረት ቀበቶና በሚሰፉ በሚጠቡ ፑሊዎች ስለሚሠራ ማርሽ ሲቀየር የሚሰማ ነገር የለም፤ በምቾት ከኤኤምቲ ይበልጣል። መኪና ቀድሞ ለማለፍም ኤኤምቲ ዘገምተኛ ነው፣ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ሲቪቲ የራሱን ዘይት በጊዜው ካላገኘና ቀበቶው ካለቀ ጥገናው ፍሪሲዮን ከመቀየር ጋር አይወዳደርም። ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ገበያው ላይ ያለው ያገለገለ ነው። ደህና ኤኤምቲ ሸጦ ታሪኩ የማይታወቅ ሲቪቲ መግዛት ምክር አይሆንም።

ጅማ ውስጥ የሚፈታው የለም የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የማኑዋል ፍሪሲዮን የሚቀይር መካኒክ የዚህንም ይቀይራል፤ ሥራው ያው ነው። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ ዲስክ የሚይዝበት ነጥብ ካለቀው ይለያል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያስታውሰው የድሮውን ነው። በዲያግኖስቲክ ማሽን አዲሱን ነጥብ እንዲማር ካልተደረገ መኪናው ሲነሳ ይዘላል ወይም ያንሸራትታል፣ ያኔ ባለቤቱ «ፍሪሲዮኑ ፎርጂድ ነው» ይላል። ይህን የሚሠራ ማሽን ያለው ጋራዥ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፓምፑ ወይም ፒስተኖቹ ከተበላሹ ዕቃው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የሚመጣው፤ ጸሐፊው ይህን ቢጽፉ አጨበጭብላቸው ነበር።

ያገለገለ ኤኤምቲ የምትገዙ ከሆነ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱ። በሩን ከፍታችሁ ፓምፑን አዳምጡ። ዳገት ላይ ከእጅ ፍሬን አስነሱት፣ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ እዩ፣ የተቃጠለ ሽታ ካለ አሽትቱ። ኤም ላይ አድርጋችሁ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ አንድ በአንድ ሞክሩት፣ ከዚያ የኋላ ማርሹን ደጋግማችሁ አስገቡ። ማሽን ያለው መካኒክ ይዛችሁ ሄዳችሁ የተመዘገቡ ስህተቶችን ያንብብላችሁ። ሻጩ ፍሪሲዮኑ በቅርቡ ተቀይሯል ካላችሁ ማን ጋር እንደተቀየረና ኮምፒውተሩ እንዲማር ተደርጎ እንደሆነ ጠይቁ። አልተደረገም ከተባለ፣ ከውሉ በፊት ይደረግ።